ከኑግ ፋጉሎ እስከ ቆዳ ፋብሪካ፤ የፕሮፌሰር አማረ ገሠሠ የኤንዛይም ምርምር



ከፈረስ ቤት ደጋ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የሚወርድ መንገደኛ መስከረም ጠብቶ ጥቅምት እስኪገባ ድረስ የኑግ ማሳ ቢጫ ለብሶ ያያል። ኑጉ ታጭዶና ተወቅቶ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለከብት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ፋጉሎ በአንድ ዓለም አቀፍ የምርምር መጽሔት ላይ የባክቴሪያ ቀለብ ሆኖ ቀረበ። ጽሑፉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ የአማረ ገሠሠ ነበር።

ተመራማሪው ባክቴሪያዎቻቸውን የፈለጉት በኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቆች ነው። እንደ አቢጃታ፣ ሻላና ጭቱ ያሉት ሐይቆች ውኃቸው እጅግ አልካላይ በመሆኑ ለብዙ ሕይወት አይመችም። በዚያ መኖር የለመደ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ኤንዛይም ግን ሌላው ኤንዛይም በሚከሽፍበት ሥፍራ ይሠራል። ከእነዚህም አንዱ ፕሮቲንን የሚሰባብረው ፕሮቲዬዝ ነው፤ ለልብስ ማጠቢያ ዱቄትና ለቆዳ ሥራ ይፈለጋል።

ጉዳዩ ከማሽተት ጋር የሚገናኘው በቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በተለመደው አሠራር ፀጉር ከቆዳ የሚለቀው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ይህ ዝቃጭ ከአሲድ ጋር ሲደባለቅ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። አፍንጫ ጋዙን በጣም በትንሹ ያውቀዋል፤ ነገር ግን መጠኑ በሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ወደ 100 ሲደርስ የማሽተት ኃይል በደቂቃዎች ይደነዝዛል። ሠራተኛው ሽታው ጠፋ ብሎ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው አደጋው በበረታበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አፍንጫን እንደ መለኪያ መሣሪያ የሚያምን መሐንዲስ ሰው ያስገድላል።

ፕሮቲዬዝ ፀጉሩን ከሥሩ ስለሚያላቅቀው የሰልፋይዱን ፍጆታ ይቀንሳል፤ ፀጉሩም ሳይሟሟ ተለቅሞ ይወጣል፤ ወደ ወንዝ የሚሄደው ቆሻሻም ያንሳል። ሆኖም ኤንዛይሙ ከልክ ካለፈ የቆዳውን ገጽ ይበላል። ቁጥጥሩ ጥብቅ መሆን አለበት።

የአማረ ገሠሠ ሥራ በአንድ ኤንዛይም አልተወሰነም። ስለ ጤፍ ሊጥ መብላላት በማጥናት ከሚታወቁት ከብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ ጋር አብረው አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከጋሻው ማሞ ጋር ሆነው ዛይላኔዝ የተባለውን ኤንዛይም በብዛት ለማምረት በስንዴ ፉርሽካ ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ከስዊድን ባልደረቦች ጋር በዶሮ ላባ ላይ ያደጉ ባክቴሪያዎችን ፕሮቲዬዝ ገለጹ፤ በዚያው ዓመት ከዴንማርክ ተመራማሪዎች ጋር በፍሳሽ ማጣሪያ ዝቃጭ ውስጥ ያሉትን ኤንዛይሞች ስለማውጣት ጻፉ። ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ላባና ዝቃጭ በገበያ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ አንዳንዱም ጭራሽ የሚጣል ነው። የምርምሩ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያን በውድ ምግብ የሚያሳድግ አገር ርካሽ ኤንዛይም አያገኝም።

የቀረው ድርሻ የመሐንዲሱ ነው። በላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ በቀላሉ የሚበርደው ሙቀት በብዙ ሺህ ሊትር ጋን ውስጥ ባክቴሪያውን ሊገድል ይችላል። አየር ለሁሉም እኩል መድረስ ይኖርበታል፤ ሌላ ተሕዋስ እንዳይገባ ንጽሕናው መጠበቅ አለበት፤ የፋጉሎው ጥራትም ከወፍጮ ወፍጮ ይለያያል። እነዚህን የሚፈታ መሐንዲስ ካልተገኘ የሊቁ ድካም በመጽሔት ገጽ ላይ ይቀራል።

ኑጉ የሚበቅለው ቡሬ አካባቢ ነው፤ የበጉ ሌጦ የሚወርደው ከፈረስ ቤት ደጋ ነው፤ ባክቴሪያው የሚኖረው በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው። ሦስቱን በአንድ ፋብሪካ ማገናኘት፣ ሠራተኛውንም ከማይሸተው ሞት ማዳን፣ የዚህ ማኅበር አባላት የሙያ ግዴታ ነው።