ከድንኳን ወደ ግንብ፤ በሰሜን ደጋዎች ታሪክ የተለወጠውና የጸናው



የኢትዮጵያ ሰሜናዊ ደጋ የቀደመ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በመናገሻ ከተሞች ተራ ነው፤ አክሱም ደከመ፣ የዛጉዌ ነገሥታት በላስታ ገዙ፣ በ1270 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይኩኖ አምላክ ነገሡ፣ በ1636 ደግሞ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ቆረቆሩ ይባላል። ይህ አተራረክ ሐሰት ባይሆንም እያንዳንዱን ዘመን ከቀዳሚው ተቆርጦ የወደቀ ያስመስለዋል። በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቀመጠችው ጎንደር ግን፣ በቅርብ ለመረመራት፣ አዲሱ ነገር በአሮጌው ሥርዓት ላይ ተደግፎ እንዴት እንደቆመ የምታሳይ ናት።

ከ1270 ወዲህ የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በድንኳን ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ከተመ፣ ማለትም ሰፈረ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በቀድሞው አነጋገር የንጉሡን ሰፈር ያመለክት ነበር። ንጉሡ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው የሚነሡት ያልገበረውን ለማስገበር፣ የግብሩንም እህልና ከብት እዚያው ለመመገብ ነበር፤ ብዙ ሺህ ሰው የያዘው ሰፈር የአካባቢውን ሣርና ማገዶ ሲጨርስም በአንድ ቦታ ለመቆየት አይችልም ነበር። ሆኖም ድንኳኑ በየትኛውም ሜዳ ቢተከል የሹማምንቱ ቦታ አይለዋወጥም፤ የንጉሡ ድንኳን መካከል ላይ ሲሆን ሌላው ሁሉ በፊት፣ በቀኝ፣ በግራና በኋላ ይሰለፋል። ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው፣ ደጃዝማች የደጁ አዝማች ማለት ነው፤ ፊታውራሪም ከፊት የሚቀድመው ነው። እነዚህ ማዕረጎች እስከ 1974 ድረስ ሲሰጡ የኖሩት የድንኳኑን ሰፈር አቀማመጥ በስማቸው እንደያዙ ነው።

ጎንደር ስትቆረቆር ይህ ሥርዓት አልፈረሰም፤ ድንኳኑ በድንጋይ ተተካ እንጂ። ወደ 900 ሜትር የሚጠጋው የፋሲል ግቢ ቅጥር በሮች ፊት በር፣ ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር እየተባሉ ሲጠሩ፣ ስማቸው የፈረሰኛውንና የእምቢልታ ነፊውን ቦታ ያስታውሳል። በቅጥሩ ዙሪያ ደግሞ የጳጳሱ ሰፈር አቡን ቤት፣ የገዳማት አለቃ የነበሩት የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት ተባለ፤ በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ትእዛዝ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ሲደረግም የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክ ከዚሁ ጋር ተያያዘ። ነገሥታቱ እንኳ ክረምቱን በግንብ እያሳለፉ በበጋ ወደ ዘመቻና ወደ ድንኳን ይመለሱ ነበር።

በእውነት አዲስ የነበረው ኖራው ነው። ቀደምት ግንበኞች ድንጋዩን በጭቃና በእንጨት ማገር ሲያያይዙ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ካህናት በቤተ መንግሥቱ በነበሩበት ጊዜ፣ በእሳት ተቃጥሎ በውኃ የሚበርደው የኖራ ድንጋይ ለግንብ ማያያዣ ሆነ፤ በደንቀዝ የነበረው የንጉሡ ቤተ መንግሥትም በዚሁ ተሠራ። በ1632 የነገሡት ልጃቸው ፋሲለደስ የአባታቸውን የካቶሊክ እምነት ትተው ካህናቱን ከአገር ሲያስወጡ ኖራውን ግን አላስወጡም። አንድ ሕዝብ ከውጭ የመጣውን በሙሉ የሚቀበል ወይም በሙሉ የሚመልስ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ይህን መርጦ የማስቀረት ሥራ ልብ ሊሉት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ተገቢውን ስፍራ ያላገኘው የእጅ ባለሙያው ታሪክ ነው። ከግንበኞቹ፣ ከአናጢዎቹና ከብረት ቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ ነበሩ። ጠይብ፣ ማለትም ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ፣ እየተባሉ በቡዳነት ሲታሙ፣ ብዙዎቹም ከርስት፣ ይኸውም ከአባት ከእናት ከሚወረስ የመሬት መብት፣ ተገልለው ኖረዋል። ከጎንደር በስተሰሜን ያለው የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ሞፈሩን፣ ቀንበሩንና ድግሩን ከእንጨት ጠርቦ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ አፈሩን የሚሰነጥቀው ማረሻና እርሱን የሚያስረው የብረት ቀለበት፣ ወገል፣ ግን ከቀጥቃጩ ወናፍና መዶሻ ይወጣል። ከአክሱም ዘመን ወዲህ እምብዛም ሳይለወጥ ነገሥታቱን ሁሉ የመገበው ይህ መሣሪያ ነው፤ ነገሥታት ሲለዋወጡ ሥራውን ሳያቋርጥ የኖረውም የተናቀው ቀጥቃጭ ነው። ይህን ትልቅ በደል የግንቡ ውበት ሊሸፍነው አይገባም።

ይህን የእጅ ባለሙያ ታሪክ ለማጥናት ከጎንደር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ የቤተ እስራኤላውያን መንደር የነበረችው ወለቃ ትገኛለች። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የሸክላ ሥራው ግን በመንደሯ ጸንቷል፤ ጭቃውን በእጅ እያበጁ ትንንሽ ምስሎችን የሚሠሩ ሴቶችም በመንገዱ ዳር ለመንገደኛ ይሸጣሉ።