ያልተጠረገ ባፈር



በኮምፒዩተር መረብ መልእክት የሚጓዘው በፓኬት ተከፋፍሎ ነው። እያንዳንዱ ፓኬት በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ባፈር በተባለ የማስታወሻ ስፍራ ይቀመጣል፤ ሥራው ሲያበቃ ያው ስፍራ ለሌላ ፓኬት ይሰጣል። ችግሩ የሚነሣው የቀድሞው ይዘት ሳይጠረግ ሲቀር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነውና «ኢተርሊክ» የተባለው ስሕተት ለዚህ ምስክር ነው። አንድ የኢተርኔት ፍሬም ከ46 ባይት ያነሰ መረጃ ሊይዝ አይፈቀድለትም፤ የጎደለው በዜሮ እንዲሞላም የኢንተርኔት ደንብ ያዛል። ነገር ግን አያሌ የመረብ ካርድ ድራይቨሮች ርዝመቱን ብቻ ከፍ አድርገው ባፈሩን እንዳለ ይልኩት ነበር። በዚህም ምክንያት ቀደም ሲል ያለፈ የሌላ ሰው መልእክት ቁራጭ በአጭሩ ፓኬት ጅራት ተለጥፎ ይወጣ ነበር። በዚያው መረብ ላይ ያለ ሰው አጭር ጥያቄ እየላከ ከመልሱ ሊለቅመው ይችል ነበር።

ሥሩ፣ መሙላቱ የካርዱ ይሁን የድራይቨሩ ድርሻ ተለይቶ አለመነገሩ ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነበር፤ በሊኑክስ፣ ከመላኩ በፊት ትርፉን ስፍራ በዜሮ የሚሞላ አጭር ተግባር በየድራይቨሩ ገባ።

እንግዲህ ባፈር የሚረከብ ሁሉ፣ ከእጁ ከማውጣቱ በፊት የቀድሞውን ባለቤት ኮቴ ማጥፋት የራሱ ግዴታ መሆኑን ይወቅ።