የባሕር ማዶ ሐዲድ አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ይሁን እንጂ በዚህ ዘመን ሰው እግሩ ያልረገጠውን አገር ሊናፍቅ የሚችልበት አንድ መንገድ ተከፍቷል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር የሚካሄደው፣ ሲሙሌተር የሚባለው የባቡር መንዳት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ በቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የነጂው መስኮት፣ የፍጥነት መለኪያውና የፍሬኑ እጀታ ከፊቱ ተደርድረውለት፣ በምድር ላይ በእርግጥ የተዘረጋን ሐዲድ እየተከተለ ይጓዛል። መስመሮቹ በአብዛኛው የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የጃፓንና የአሜሪካ በመሆናቸው፣ ኢትዮጵያዊው ተጫዋች ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ከእነዚህ የባሕር ማዶ መስመሮች የትኛውን ልምረጥ የሚል ነው።

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን አንድን መስመር በሚገባ ለመልመድ ብዙ ምሽት ያልፋል፤ ብዙው መስመርም በገንዘብ የሚገዛ ነው። ከዚህም በላይ፣ ያለ ቦታው መርጦ በሳምንቱ የሚሰለች ሰው የሚያጣው ገንዘቡንና ጊዜውን ብቻ አይደለም። የሰው ልጅ ተራራ ሰንጥቆ፣ ሸለቆ ተሻግሮ የሠራውን ታላቅ ሥራ ከነጂው መቀመጫ ሆኖ የማወቅ ዕድል ያመልጠዋል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጀማሪ ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በፈጣኑ ባቡር ላይ ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር መንዳት ማንን አያጓጓም? ሆኖም ለከፍተኛ ፍጥነት ተብሎ የሚሠራ መስመር ነጂውን ሊያስቸግር የሚችለውን ነገር አስቀድሞ የሚያስወግድ ነው፤ ኩርባው የተለጠጠ፣ ጣቢያው የተራራቀ፣ የመኪና መንገድ የማያቋርጠው ነው። ይህ ለመንገደኛው ታላቅ ምቾት ሲሆን፣ ለተጫዋቹ ግን እጁን ሥራ የሚያስፈታ ይሆንበታል። ሁለተኛው የጀማሪ ስሕተት መስመር ማከማቸት ነው። ዛሬ የስዊስን ተራራ፣ ነገ የጀርመንን ሜዳ እየገዛ፣ አንዱንም ዳር ሳያደርስ ወደሚቀጥለው ይዘላል። አበው «ሁለት እግር አለው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

እንግዲህ ምርጫው በምን ይመዘን? መስመሩ ከነጂው በሚጠይቀው ሥራ ሊመዘን ይገባል። ይህ አባባል መሠረቱ የባቡሩ ጠባይ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ሰበቃ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ ብዙ ሺህ ኩንታል ለመጎተት ይችላል፤ በዚያው ምክንያት ደግሞ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ነጂ ጣቢያውን በዓይኑ ካየ በኋላ ፍሬን ቢይዝ ያልፈዋል። ገና ያላየውን ኩርባ፣ ዳገትና ምልክት አስቀድሞ በልቡ መያዝ አለበት። በብሪታንያ የባቡር ሥራ አንድ ነጂ መስመሩን አጥንቶ ማወቁን በፊርማው ካላረጋገጠ በስተቀር ብቻውን እንዲነዳበት የማይፈቀድለት ከዚህ የተነሣ ነው። ጥሩ መስመር ማለትም እንዲህ ያለውን ዕውቀት የሚጠይቅ፣ ላጠናውም የሚክስ መስመር ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል ማይክሮሶፍት በ2001 ያወጣውን ትሬን ሲሙሌተር መመልከት ይበቃል። ጨዋታው ስድስት መስመሮችን ይዞ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ሦስት ልዩ ልዩ ትምህርት ይሰጣሉ።

የመጀመሪያው በሰሜን እንግሊዝ ከሴትል እስከ ካርላይል የሚደርሰው 116 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን መስመር ሚድላንድ የተባለው የባቡር ኩባንያ ከ1869 ጀምሮ አሠራው፤ ለመንገደኞችም በ1876 ተከፈተ። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በጭቃና በበረዶ ውስጥ ሲደክሙበት፣ ብዙዎቹ በአደጋና በፈንጣጣ አልቀውበታል። በሪብልሄድ ያለው ድልድይ 24 ቅስቶች አሉት። ዳገቱ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ እግረኛ ልብ አይለውም። ነገር ግን በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የሚወጣ ተጫዋች ይህ ትንሽ ዳገት ለብዙ ኪሎ ሜትር ሳይቋረጥ ሲዘልቅበት፣ እሳቱና ውኃው እኩል ካልተጠበቁለት እንፋሎቱ ከአፋፉ በፊት ያልቅበታል። መስመሩ የሚያስተምረው ትዕግሥትን ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት፣ ድልድዩን ማደሱ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ተብሎ መስመሩ እንዲዘጋ ታስቦ ነበር፤ ከብዙ ሕዝብ ተቃውሞ በኋላ በ1989 መንግሥት መዝጋቱን ተወው።

ሁለተኛው በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የሚገኘው የማራያስ በር ነው። ታላቁን የሮኪ ተራራ ሰንሰለት በ1,589 ሜትር ከፍታ የሚያሻግረውን ይህን በር፣ ጆን ስቲቨንስ የተባለው መሐንዲስ በታኅሣሥ ወር 1889 በጽኑ ብርድ መካከል ለባቡር መንገድ አጥንቶታል፤ ይኸው ሰው በኋላ ለፓናማ ቦይ ሥራ ዋና መሐንዲስ ሆኗል። እዚህ ፈተናው ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው። በምዕራቡ ወገን ቁልቁለቱ በመቶ ሜትር 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ረጅም የዕቃ ባቡር ነው። የባቡር ፍሬን የሚይዘው በፉርጎዎቹ ሥር በተዘረጋው ቧንቧ ውስጥ ያለው የታመቀ አየር ግፊቱ ሲቀንስ ነው፤ ከተለቀቀ በኋላም ቧንቧውና የየፉርጎው ማጠራቀሚያ እንደገና እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቶሎ ቶሎ እየያዘ የሚለቅ ነጂ አየሩን ይጨርስና ባቡሩ ከእጁ ያመልጣል። አዋቂው ነጂ ግን ከአፋፉ ሳይወርድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የሎኮሞቲቩን ሞተሮች ለመግቻ ይጠቀማል፤ የአየሩን ፍሬን ቆጥቦ ይይዛል። መስመሩ የሚያስተምረው አስቀድሞ ማሰብን ነው።

ሦስተኛው በጃፓን ደቡብ፣ በክዩሹ ደሴት የሚገኘው የሂሳትሱ መስመር ሲሆን፣ ጨዋታው የያዘው ከሂቶዮሺ እስከ ዮሺማትሱ ያለውን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የባቡሩ ፍጥነት ትንሽ ነው፤ ፉርጎውም አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ነገር ግን በ1909 የተከፈተው ይህ የተራራ ሐዲድ በኦኮባ ጣቢያ አጠገብ እንደ ቀለበት ዞሮ ራሱን በራሱ ይሻገራል። ጣቢያው ራሱ በዳገቱ መካከል ስለ ተተከለ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ባቡር ጣቢያው ገብቶ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ በሌላ ሐዲድ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም እንደገና ፊቱን አዙሮ ቀለበቱን ይጀምራል። ነጂውም ከባቡሩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይመላለሳል። እንዲህ ባለ ስፍራ ያለ ዕውቀት መፍጠን አይቻልም። በሐምሌ ወር 2020 የኩማ ወንዝ ሞልቶ ድልድዮችን ሲጠርግ፣ ከያትሱሺሮ እስከ ዮሺማትሱ ያለው የመስመሩ ክፍል አገልግሎቱ ተቋረጠ። በጨዋታው ውስጥ ያለው ሐዲድ ግን ከጎርፉ በፊት እንደ ነበረ ቆይቷል።

ተራራ የማይማርከው ሰው ወደ ከተማ መስመር ይሂድ። የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ በ1996 ያወጣው «ዴንሻ ዴ ጎ» የተባለ ጨዋታ ነጂውን የሚመዝነው በሰዓቱ በመድረሱና ባቡሩን በተወሰነለት ቦታ ላይ በማቆሙ ነው፤ ተጫዋቹ ሲዘገይና ከምልክቱ ሲያልፍ ነጥብ ይቀነስበታል። ይህ ታላቅ ልምምድ ነው፤ ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። በሚያዝያ ወር 2005 በአማጋሳኪ ከተማ፣ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት በላይ የዘገየ ባቡር በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር በተፈቀደበት ኩርባ ላይ በ116 ኪሎ ሜትር ገብቶ ከሐዲድ ወጣ፤ ነጂውን ጨምሮ 107 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ የከተማ መስመር የመረጠ ተጫዋች ከሁሉ በፊት ሊማር የሚገባው፣ የጠፋን ደቂቃ በኩርባ ላይ ለመመለስ አለመሞከርን ነው። ጨዋታው የሚቀጣው በነጥብ ሲሆን ሐዲዱ የሚቀጣው በነፍስ ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚገኘው ምክር አጭር ነው። መራጩ በመጀመሪያ አጭርና ጣቢያ የበዛበትን መስመር ወስዶ ፍሬን ይልመድ፤ ቀጥሎ ዳገት ያለውን፣ በመጨረሻም የዕቃ ባቡር የሚወርድበትን ቁልቁለት ይያዝ። አንዱን መስመር በሁለቱም አቅጣጫ፣ በቀንና በሌሊት፣ በበጋና በበረዶ ነድቶ ሳይጨርስ ሌላ አይግዛ። ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ ፍሬን የት መያዝ እንዳለበት በማስታወሻ ደብተር ይጻፍ። ደብተሩን ሳይገልጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ መንዳት የቻለ ዕለት፣ ያ የባሕር ማዶ አገር ከእንግድነት ወደ መታወቅ ተሸጋግሮለታል።

ይህም ዕውቀት በመጨረሻ ወደ አገር ቤት ይመለሳል። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ባለ አንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመርም ዛሬ የሚወጣውና የሚወርደው ያንኑ ከባሕር ጠረፍ እስከ ደጋው አፋፍ ያለውን ከፍታ ነው። በማራያስ በር አየሩን ጨርሶ ባቡሩ ያመለጠው ተጫዋች፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ የዕቃ ባቡር ባየ ጊዜ፣ እዚያ ውስጥ የተቀመጠው ነጂ ምን እያሰበ እንደሆነ ያውቃል። የባሕር ማዶ መስመር በጥንቃቄ ተመርጦ ሲነዳ ትልቁ ትርፉ፣ ሰው በአገሩ ባቡር ላይ ሆኖ የማያየውን የነጂ ድካም እንዲያከብር ማድረጉ ነው።