እንግዳው ሲመለስ ምንጩ የማን ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያገኛል። የመጀመሪያይቱ ስሟ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው፤ ሁለተኛይቱ ወደ ወለጋ የሚወርደው መንገድ የሚገነጠልባት፣ በበርበሬዋና በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። በዙሪያቸው ያለው ገጠር ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ የሚበቅልበት፣ እነ ብርና እነ ፈጣም የሚያቋርጡት ለም አገር ነው። በዚህ አገር ነጋዴው፣ ተሳላሚው፣ ወታደሩ፣ አጥኚውና በጎ ፈቃደኛው ለዘመናት ተመላልሰዋል። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው በተለይ የመጨረሻውን፣ ማለትም ዋጋ ሳይሻ ሊረዳ የመጣውን እንግዳ ነው። መጥቶ ምን አየ? ምን ሠራ? ሲመለስስ ሥራው በማን እጅ ቀረ? ጥያቄው ከበጎ ልብ አልፎ የምሕንድስናም ጥያቄ ነው።

አስቀድመው የመጡት ለማየት የመጡ ናቸው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ተጉዞ በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ከ152 ዓመት በኋላ፣ በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚያው ደርሶ ቀዳሚነቱን ለራሱ አደረገ፤ የፓኤዝንም ቃል ሊያስተባብል ሞከረ። የአውሮጳ ሰዎች ማን ቀድሞ አየው እያሉ ሲከራከሩ፣ የሰከላ ሰው ምንጩን ከጥንት ጀምሮ ሲያከብረው፣ ጠበል ብሎም ሲጠመቅበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማንም ጣናንና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ዞሮ ካርታውን አቃንቷል፤ መጽሐፉም በ1936 ታትሟል። የእነዚህ ሰዎች ድካም ለዕውቀት የሰጠው ጥቅም አይካድም። ይሁን እንጂ የመንገደኛው ዕውቀት ከመንገደኛው ጋራ ወጣ፤ በአገሩ የቀረው ቀድሞም የነበረው ነው።

ከዚያ በኋላ ለመሥራት የመጡ እንግዶች ተከተሉ። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት፣ ከ270 በላይ የሆኑ መምህራን፣ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ተሰማሩ። አማርኛ እየተማሩ፣ ከተማሪዎቻቸው ጎረቤት ቤት ተከራይተው፣ እንጀራ እየበሉ ሁለት ዓመት ይቀመጡ ነበር። አገልግሎቱ በ1969 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ ከ1987 ዓ.ም. በኋላ ተመልሶ በ1991 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ዳግመኛ ተቋረጠ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተጀመረ፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አባላቱ ከአገር ወጡ። ከዚህ የመምጣትና የመሄድ ታሪክ የሚታየው ነገር ግልጽ ነው፤ እንግዳ የሚሄድበትን ቀን ብዙ ጊዜ ራሱ አይወስነውም።

እንግዳው ሁልጊዜ የውጭ አገር ሰው አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የአዲስ አበባን ተማሪ ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ ከ50,000 በላይ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ዘማቹ ፊደል አስተማረ፣ ትምህርት ቤት ሠራ፣ ጉድጓድ ቆፈረ። ነገር ግን ከመንግሥትም፣ ከባላባትም፣ አልፎ አልፎም ከገበሬው ጋራ ተጋጨ፤ ብዙዎቹም ምድባቸውን ጥለው ሄዱ። ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ እንግድነቱ ያው እንግድነት ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ከገበሬው ወገን ሆኖ መመልከት ይገባል። የጎጃም ገበሬ እንግዳን የሚቀበልበት የቆየ ሥርዓት አለው። መሽቶበት ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ያለ መንገደኛ እግሩ ታጥቦ፣ ከቤቱ የተገኘው ቀርቦለት ያድራል፤ ከየት መጣህ የሚለው ጥያቄ ከእራት በኋላ ይደርሳል። ገመድና መሣሪያ ይዞ ምድር ሊለካ የመጣ እንግዳ ግን ሌላ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ በሞጣ፣ በደጋ ዳሞትና በሌሎችም የጎጃም ወረዳዎች ገበሬው ያመፀው ከግብሩ ክብደት ጋራ ልኬቱ ርስቱን እንዳያሳጣው ስለ ሠጋ ጭምር ነው። ስለዚህ ዛሬም ባለሙያ መሣሪያውን ተክሎ ሲያነጣጥር፣ አጠገቡ የቆሙት ሽማግሌ የሚጠይቁት ጥያቄ የአላዋቂነት ምልክት አይደለም። ልኬት የማንን ጥቅም እንደሚከተል በኑሮ የተማሩ ሰዎች ጥያቄ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው፣ በጎ ፈቃደኛው ሊያስተምረው ከመጣው ነገር ዋናውን ገበሬው ቀድሞ የሚያውቀው መሆኑ ነው። ደቦና ወንፈል ከማንኛውም የበጎ አድራጎት ድርጅት በፊት የነበሩ ናቸው። የደቦም ሕግ ያልተጻፈ እንጂ የታወቀ ነው። ደቦውን የሚጠራው ባለ ሥራው ነው፤ ቀኑን የሚቆርጠውም፣ እህሉንና ጠላውን የሚያዘጋጀውም፣ ሥራው ከየት እንደሚጀመር የሚያሳየውም እርሱ ነው። ተጠሪዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸውንና ዘፈናቸውን አዋጥተው ይመለሳሉ። ማሳው የማን እንደ ሆነ አንድም ሰው አይጠራጠርም። ሳይጠራ መጥቶ፣ ከፈለገበት ጀምሮ፣ በራሱ ቀን የሚያበቃ ሰው ደቦ ገባ አይባልም። የብዙ በጎ ፈቃደኞች ሥራ ሳይጸና የቀረው ይህን ሕግ ስላላወቀ ነው።

ለዚህ ምንጭ ማጎልበት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በጎ ፈቃደኛ ተማሪ እረፍት የሚያገኘው በክረምት ነው፤ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም በአገሪቱ በየዓመቱ በሰፊው የሚካሄደው በክረምት ነው። በዚያ ወራት ደግሞ ምንጭ ሁሉ ይሞላል፤ ገበሬውም በእርሻና በዘር ተወጥሯል። እንግዳው ባልዲና ሰዓት ይዞ በመስከረም መግቢያ ምንጩን ቢለካ፣ ለምሳሌ ያህል፣ በሴኮንድ 0.4 ሊትር ያገኛል እንበል። ይህ በቀን 34,560 ሊትር ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በተወሰነው የገጠር መለኪያ፣ ማለትም ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢታሰብ፣ ከ1,380 ለሚበልጥ ሕዝብ ይበቃል ተብሎ ይጻፋል። ያው ምንጭ በሚያዝያ ወደ 0.1 ሊትር ቢወርድ ግን በቀን የሚሰጠው 8,640 ሊትር ብቻ ነው፤ የሚበቃውም ለ345 ሰው ነው፤ ያውም የሌሊቱን ውኃ የሚያጠራቅም ጋን ከተሠራለት። በመስከረም በ50 ሴኮንድ የሚሞላው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሚያዝያ 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጃል። ከኋላዋ 40 ሰው የተሰለፈባት እናት ልዩነቱን ያለ ሰዓት ታውቀዋለች። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀጥን፣ በክፉው ዓመት የደረቀ መሆን አለመሆኑን፣ ከላዩ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ የምትናገረው እርሷ ናት፤ ዳሩ ግን ንድፉ ሲነደፍ የምትጠየቀው ስንት ጊዜ ነው?

ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ግን ሁሉን ያስማማል። መኸሩ ገብቷል፤ የገበሬው እጅ ፈቷል፤ ምንጩም እውነተኛ መጠኑን ያሳያል። ሥራውን ከእንግዳው የዕረፍት ጊዜ ይልቅ ከባለ ምንጩ የሥራ ጊዜ ጋራ ማስማማት ገንዘብ የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው።

የባለቤትነትን ነገር በተግባር የፈተነ ሥራ በአማራ ክልል፣ በምዕራብ ጎጃምም ጭምር፣ ታይቷል። በፊንላንድ መንግሥት እርዳታ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2011 የቆየው የገጠር ውኃ አቅርቦትና የአካባቢ ጤና ፕሮግራም በመጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ዕቃውን ራሱ ይገዛ፣ ሥራውንም ራሱ ያሠራ ነበር። ከ2003 ጀምሮ ግን የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የተባለውን አሠራር ሞከረ። በዚህ አሠራር ውኃ የሚፈልገው መንደር ራሱ ኮሚቴ መርጦ ያመለክታል፤ ገንዘቡም በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል፣ በኋላ ፀደይ ባንክ በሆነው፣ ለኮሚቴው ይደርሰዋል። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ከግንበኛው ጋራ የሚዋዋለው፣ ሒሳቡን ለመንደሩ የሚያሳየውም ኮሚቴው ነው፤ ሴቶችም በኮሚቴው እንዲገቡ ይደረጋል። መንደሩ በጥሬ ገንዘብ፣ በድንጋይ፣ በአሸዋና በጉልበት ድርሻውን ያዋጣል። የወረዳው ባለሙያ ይመክራል፣ ጥራቱን ይቆጣጠራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተተካው ፕሮግራም ይህንኑ አሠራር ወደ ሌሎች ክልሎች ወሰደው። በአንድ ቃል፣ ፈረንጁ ገንዘቡን ይዞ ወደ ደቦው ሕግ ገባ ማለት ነው፤ ጠሪውም ባለ ሥራውም መንደሩ ሆነ።

የዚህ ጥቅም የሚታወቀው ሥራው ሲመረቅ ሳይሆን ሲበላሽ ነው። በገጠራችን በብዛት የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ በመንደር ሰው እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነው። ቶሎ የሚያልቁት ጎሚኒዎቹና የማንሻው መያዣዎች ናቸው፤ ለመፍታትም ብዙ መሣሪያ አያሻም። ይሁን እንጂ አንዲት ጎሚኒ ብታልቅ፣ ገንዘብ ያጠራቀመ ኮሚቴና መፍታት የሚያውቅ ሰው በሌለበት መንደር ፓምፑ ከነግርማው ይቆማል፤ ሴቶቹም እንስራቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። የድንጋይ ሰሌዳ ላይ የለጋሹ ስም ተጽፎ መታየቱ ለዚያ ቀን መፍትሔ አይሆንም።

ይህ ጥያቄ ዛሬ ከምን ጊዜውም በላይ አንገብጋቢ ሆኗል። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀና ግጭቱ ከተስፋፋ ወዲህ የምዕራብ ጎጃም ሕዝብ ብዙ መከራ አይቷል። ፍኖተ ሰላም ራሷ፣ በስሟ ሰላምን የተሸከመችው ከተማ፣ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የድሮን ጥቃት ደርሶባት የሰው ሕይወት ጠፍቶባታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጎብኚ አይመጣም፤ በጎ ፈቃደኛ አይመደብም፤ የመንግሥት ባለሙያም እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። መንገድ ሲዘጋ ውኃ መጠጣት አይቀርም። ያን ቀን የሚሠራው ቁልፉ በመንደሩ ሰው እጅ ያለ ፓምፕ፣ ጎርፍ መቀልበሻው በመንደሩ ሰው አካፋ የሚጠረግ ምንጭ ብቻ ነው። እንግዳው መምጣት በማይችልበት ዘመን የሚመዘነው እንግዳው መምጣት በሚችልበት ዘመን የሠራው ሥራ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለማኅበሩ አባላት ሦስት ነገሮች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ማንኛውም የውኃ ሥራ በመንደሩ ጥያቄ ይጀመር፤ ምንጩም በሚያዝያ ሳይለካ ንድፉ አይጽደቅ። ሁለተኛ፣ ገንዘቡና ውሉ፣ በትንሹም ቢሆን፣ በመንደሩ ኮሚቴ ስም ይሁን፤ ባለሙያው አማካሪና ተቆጣጣሪ ሆኖ ይቁም። ሦስተኛ፣ ርክክቡ በሥራው መጨረሻ የሚደረግ በዓል መሆኑ ይቅር። በሥራው መካከል፣ ባለሙያው ገና እዚያው ሳለ፣ የመንደሩ ሰዎች ፓምፑን በእጃቸው ፈትተው ይግጠሙት፤ የጎደለውንም እርሱ ሳይሄድ ይጠይቁት።

የሰላሙ መንገድ እንደገና ሲከፈት ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ገጠር የሚወርድ ወጣት መሐንዲስ አይጠፋም። እርሱም እንደ ወጉ ከደጅ ቆሞ ይጠራ፤ ግባ ሲሉትም ይግባ። ከዚያም የሚለካውን ከመለካቱ በፊት፣ ውኃ ለሚቀዱት ሴቶች ምንጩ በሚያዝያ እንዴት እንደሚሆን ይጠይቃቸው።