ወድቆ ስለ መነሣት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአሜሪካን ፉትቦል ኳሱን ታቅፎ በተከላካዮች መካከል ሰንጥቆ የሚሮጥ ተጫዋች አለ። ተስፋው ሁሉ በጉልበቱ ላይ ነው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው ኒክ ቸብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 2015 ከቴነሲ ጋር ሲጋጠሙ፥ ገና በመጀመሪያው ሩጫ የግራ ጉልበቱ ሦስት ጅማቶች ተበጠሱበት። አሥራ አንድ ወር ያህል ቆይቶ በመስከረም 2016 ኖርዝ ካሮላይናን በገጠሙ ጊዜ 32 ጊዜ ሮጦ 222 ያርድ አስመዘገበ። ሕዝቡም አጨበጨበለት።

እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ጉልበትን ማጠፍና መዘርጋት እንደ አዲስ በሚለመድባቸው በእነዚያ ወራት ማን ያጨበጭባል?

የሳውዝ ካሮላይናው ማርከስ ላቲሞርም በ2011 ከደረሰበት የጉልበት ጉዳት ድኖ ተመልሶ ነበር። በ2012 ግን ሌላው ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ሁለት ዓመት ታግሎ፥ በ2014 በባለሙያዎቹ ሊግ አንድም ግጥሚያ ሳይጫወት ስንብቱን አስታወቀ። ትጋቱ አንሶ ነውን? አይደለም፤ ጅማት የልብን ትእዛዝ ሁልጊዜ አይሰማም።

ስለዚህ ጓደኛችን ሲጎዳ «መቼ ትመለሳለህ?» እያልን አናስቸኩለው። አልጋው አጠገብ እንቀመጥ፤ ያመለጠውን ትምህርት እንቅዳለት። ተመልሶ ቢሮጥ እናጨብጭብለት፤ ባይሮጥም ወንድማችን ነው።