ውሃው መንገዱን ሲያገኝ



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ነገር ግን በሽታውን ሳይመረምር መድኃኒት የሚያድል ሐኪምም ከደበቀው በሽተኛ የሚሻል አይደለም። ይህ ነገር ለሰው ብቻ ሳይሆን ለምድርና ለባሕር ዳርቻም እውነት መሆኑን በሥራው ያስረዳ አንድ መምህር ነበረ፤ ስሙም ሮይ ሮቢን ሌዊስ ይባላል። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ በታምፓ ከተማ በሚገኘው በሂልስቦሮ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሥነ ሕይወት መምህር ሆኖ አገልግሎአል፤ ከዚያም የአካባቢ ጥበቃ አማካሪ ሆኖ የተጎዱ የባሕር ዳርቻዎችን በማዳን ሥራ ረጅም ዘመን ደከመ። የዚህ ሰው ልምድ ለመምህራን የሚጠቅም ምክር ስላለበት በዚህ ጉባኤ ሊነገር የሚገባው ሆኖአል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማንግሮቭ በሞቃት አገሮች የባሕር ዳርቻ፣ ጨው ውሃ በሚደርስበት ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። ጭቃው አየር የሌለበት ስለ ሆነ ሥሮቹ ከጭቃው በላይ ወጥተው ይተነፍሳሉ። ዓሣና ሸርጣን በሥሮቹ መካከል ተጠልለው ያድጋሉ፤ የማዕበሉም ኃይል በዚያው ይበርዳል። ባሕሩ በየዕለቱ ይሞላል፤ ይጎድላልም፤ የዛፉ ኑሮ በዚህ ሙላትና ጉድለት ልክ የተወሰነ ነው። ሌዊስ እንደ ተመለከተው ማንግሮቭ በደኅና የሚኖረው ውሃው ከጊዜው 30 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ በሚሸፍነው መሬት ላይ ነው። በቀረው ጊዜ ሥሩ አየር ማግኘት አለበት። ስለዚህ መሬቱ ከሚገባው ልክ ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ያለ እንደ ሆነ ዛፉ አይጸድቅም።

የባሕር ዳርቻ ተራቁቶ ሲታይ በሰው ሁሉ ልብ አስቀድሞ የሚመጣው ችግኝ መትከል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ለበዓልም ያምራል። ሌዊስ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዛፉ ራሱ ስለ ምን አልተመለሰም?» ብሎ ነበር። የማንግሮቭ ፍሬ በውሃ ላይ ተንሳፎ ይጓዛልና፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ካልታወከና ፍሬው ከአቅራቢያው የሚደርስ ከሆነ ደኑ ማንም ሳይተክለው ከ15 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ይተካል። ይህ ሳይሆን ከቀረ የከለከለው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እንግዲህ የአማካሪው የመጀመሪያ ተግባር ያንን ከልካይ ፈልጎ ማግኘት ነው።

የሥራውም ቅደም ተከተል እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ በቦታው የሚበቅሉትን የማንግሮቭ ዓይነቶች ጠባይ ማወቅ፤ ሁለተኛ ውሃው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሥርዓት መለካት፤ ሦስተኛ ይህን ሥርዓት ያበላሸውን የሰው ሥራ መለየት፤ ከዚያም ተገቢውን ቦታ መርጦ የውሃውን መንገድ መመለስ። ችግኝ መትከል የሚመጣው ከሁሉ በኋላ፣ ያውም ፍሬው በራሱ ሊደርስ አለመቻሉ ሲረጋገጥ ነው።

ይህ አሳብ በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። በፍሎሪዳ፣ በሆሊውድ ከተማ አጠገብ ዌስት ሌክ የሚባል 500 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ነበር። ቀደም ሲል ከባሕር የተቆፈረ አፈር ስለ ተደፋበት መሬቱ ከባሕሩ ሙላት በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ከ1986 ጀምሮ በተካሄደው ሥራ የተደፋው አፈር ተዝቆ፣ መሬቱ በአጠገቡ ከሚገኘው ሕያው ደን ጋር በከፍታ እንዲስተካከል ተደረገ፤ ውሃ የሚመላለስባቸውም ቦዮች ተቀደዱ። የማንግሮቭ ችግኝ አልተተከለም። ነገር ግን ፍሬው በውሃ እየመጣ በቀለ፤ በፍሎሪዳ የሚገኙት ሦስቱም የማንግሮቭ ዓይነቶች ቦታቸውን ያዙ። ከ78 ወር በኋላ የተነሣው ፎቶግራፍ ባዶ የነበረው መሬት በደን መሸፈኑን ያሳያል።

በዚያው በፍሎሪዳ፣ በማርኮ ደሴት አቅራቢያ ፍሩት ፋርም ክሪክ በሚባለው ቦታ የታየው ደግሞ የመንገድ ሥራ ነገር ነው። በ1938 የተሠራው የመኪና መንገድ በማንግሮቩ መካከል እንደ ግድብ ተጋድሞ ባሕሩ እንደ ልብ እንዳይገባና እንዳይወጣ ከለከለው። መንገዱ በተሠራ ጊዜ ዛፎቹ ወዲያው አልሞቱም። ነገር ግን ከባድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው መውጫ አጥቶ ይተኛል፤ ሥሮቹም አየር አጥተው ይታፈናሉ፤ በመጨረሻም ዛፎቹ ቆመው ደረቁ። ሌዊስ ይህን የልብ ደም ሥር ተዘግቶበት ሳለ በውጭ ሲያዩት ጤናማ ከሚመስል ሰው ጋር አነጻጽሮታል። በሽታው የጀመረው ሰውየው በወደቀ ቀን አይደለምና። ፈውሱም የውሃውን መተላለፊያ ጠርጎ፣ ከመንገዱ በታች በቂ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ መቅበር ነው። መንገድ የሚሠራ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብ ኖሮ በጥቂት ቱቦ የሚድነው ደን ለብዙ ወጪ ባልዳረገ ነበር።

ምርመራው ሲቀር የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ ስሪ ላንካ አሳይታለች። በ2004 ከደረሰው ታላቅ የሱናሚ አደጋ በኋላ በዚያች ደሴት ዳርቻዎች ብዙ ማንግሮቭ ተተክሎ ነበር። ቆይቶ በ23 ቦታዎች ላይ በተደረገው ምርመራ በ9ኙ አንድም ችግኝ በሕይወት አልተገኘም። የተካዮቹ ቅንነት አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ብዙው የተተከለው ማንግሮቭ ሊኖርበት በማይችል ቦታ ነበር።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስንመለስ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በጋዚ የባሕር ወሽመጥ የሚመሰገን ሥራ ይገኛል። የዚያ ደን በ1970ዎቹ ለፋብሪካ ማገዶ ተጨፍጭፎ ነበር። ከ1991 ጀምሮ ኬንያዊው ተመራማሪ ጄምስ ካይሮ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ደኑን በመመለስ ደከመ። በዚህ ስፍራ መትከል ቢያስፈልግም ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚስማማው ቦታ እየተለየ ነው። ሕዝቡ የሚቆርጠው ስለ ቸገረው እንደ ሆነ ታውቆ፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚሆን የሸውሸዌ ዛፍ በየብስ ተተከለለት። በ2013 ሚኮኮ ፓሞጃ፣ ትርጓሜውም «ማንግሮቭ በኅብረት»፣ የተባለው ሥራ በ117 ሄክታር ላይ ተጀመረ። ደኑ አምቆ ስለሚይዘው ካርቦን የሚገኘው ገንዘብ ለመጠጥ ውሃና ለትምህርት ቤት ጉዳይ ውሎአል። በዚህ ዓይነት የውሃውን መንገድ ብቻ ሳይሆን የሰውንም ችግር መመርመር የአማካሪው ሥራ መሆኑ ታወቀ።

በስተሰሜን ያለው የላሙ ወደብ ነገር ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። ኬንያን፣ ደቡብ ሱዳንንና ኢትዮጵያን የሚያገናኘው የላሙ ወደብና የመንገድ ሥራ በመጋቢት 2012 የሦስቱ አገሮች መሪዎች በተገኙበት ተጀመረ፤ የመጀመሪያውም የመርከብ ማቆሚያ በ2021 ሥራ ጀመረ። ከኬንያ ማንግሮቭ ከግማሽ በላይ የሚገኘው በዚሁ በላሙ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ «ሳንጠየቅ ባሕራችን ተቆፈረ» ሲሉ ከሰሱ፤ በ2018ም የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለ4,600 ያህል አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል ፈረደ። ወደብ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ከሥራው በኋላ በዳኛ ፊት ሲጠየቅ ዋጋው ይከብዳል። በኢትዮጵያም በ2002፣ ማለት በአገራችን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም.፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ የወጣው ጥያቄው ከሥራው እንዲቀድም ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለትምህርት ቤት ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ ተማሪዎች ችግኝ ሊተክሉ ሲወጡ ከጉድጓዱ በፊት መሬቱን እንዲያዩ፣ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ እንዲጠይቁ ማስተማር ይገባል። በሪፖርትም ላይ የተተከለው ብቻ ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የጸደቀው ይቆጠር። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ ልጆች መካከል ነገ መንገድ የሚቀይሱ፣ ግድብና ወደብ የሚያንጹ ይወጣሉ፤ በመንገድ ሥር የሚቀበረው ቱቦ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት በክፍል ውስጥ ነው።

ሦስተኛው መምህሩን ራሱን ይመለከታል። ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ ፊት የቆመ መምህር በራቁት ዳርቻ ፊት እንደ ቆመ አማካሪ ነው። ትምህርቱን እየደጋገሙ መጨመር በማይጸድቅበት መሬት ላይ ችግኝ እንደ መደርደር ይሆናል። ልጁ ቁርሱን በልቶ መጥቶ እንደ ሆነ፣ ሰሌዳው ይታየው እንደ ሆነ፣ የሚማርበትን ቋንቋ ይሰማ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። የተዘጋው ተፈልጎ ሲከፈት ብዙው ነገር በራሱ ይመጣልና።