ትንሹን ነጋዴ ማን ያቆየዋል?

እሷ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዘይት የምትገዛዋ ባለ ምግብ ቤት፣ ክርና ጨርቅ የሚገዛው ልብስ ሰፊ እንዴት ይቁሙ?

እሱ፦ የሸጡትን ዕቃ በዚያው ብር መልሰው መግዛት አልቻሉም እኮ! ያተረፈ የመሰለው ነጋዴ መነሻ ገንዘቡን ነው የበላው።

እሷ፦ ብድርስ?

እሱ፦ ባንኩ ቤት ወይም መኪና አስይዝ ይለዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ግን ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረትንም ለዋስትና ፈቅዷል፤ የስፌት መኪናው፣ መጋዘን ያለው ዕቃ፣ ገና ያልሰበሰበው ሂሳብ ሳይቀር። ባንኮቻችን ከልብ ሊሠሩበት ይገባል፤ ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ እንዲቀር አንፈልግም።

እሷ፦ እስከዚያው ዕቁብ አለ። ግን ሁሉም በአንዴ ሲቸገር ለማን ይቅደም?

እሱ፦ አባላት ተስማምተው ሱቁ ሊዘጋበት ለደረሰው ያስቀድሙለት። የነበረ ወግ ነው።

እሷ፦ አከራዮችንም ልለምናችሁ፤ ኪራዩን ለጥቂት ወራት ባለበት አቆዩላቸው። ከትንንሽ ድርጅቶች የምትገዙ መሥሪያ ቤቶችም ክፍያ አታዘግዩ፤ የሠራተኞቻቸው ደመወዝ እሱን ነው የሚጠብቀው።